ስልኬ «ጸሎት ላይ ነው» ያለኝ ቀን

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ጥፋቱን በኔትወርኩ፣ በዝናቡና በአባቴ ግትርነት ላይ ማላከክ ይቀናኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አባቴን ሦስት መሣሪያ ያስታጠቅሁት እኔ ነኝ፣ መሣሪያዎቹን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ ሲጠብቁት የነበሩትን ሰው በትህትና ያሰናበትኩትም እኔ ነኝ።

አባቴ የሚኖረው ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ አርባ ደቂቃ በእግር ገባ ብሎ ነው። ይኖር ነበር ማለት ይሻላል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነበር። ሁለት ላሞችና ጥቂት በጎች አሉት። ማሳውን በእኩል የሚያርሱለት ሰዎች ቢኖሩም አጥሩን፣ ጓሮውንና የገብሱን ቦይ ግን ለማንም አይሰጥም። «ቦይ የሚቀድ ሰው መሬቱን ማወቅ አለበት» ይላል። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን አሉ። ሙስሊም ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ «እማማ» እያልኩ ነው ያደግሁት። ጠዋት ከብቶቻቸውን ሲያወጡ ከአጥሩ በላይ «አከም ቡልተኒ?» ብለው ይጮኻሉ። አባቴም ካለበት ሆኖ «ነጋዻ!» ብሎ ይመልሳል። እንዴት አደሩ፣ ደኅና፤ ከዚህ ያለፈ ነገር የለውም። ካልመለሰ ግን እማማ አጥሩን ዞረው ይመጣሉ። ማታ ከብት ሲያስገቡም እንደዚያው። ይህን የሚያደርጉት ማንም ለምኗቸው አይደለም።

አምና ጥቅምት ላይ አባቴ በረቱ በር ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ለኔ ትንፍሽ አላለም። የነገሩኝ እማማ ናቸው፤ ጠዋት ሲጣሩ ድምፁ ከመሬት መጣ አሉኝ። ያን ቅዳሜ ሄጄ በቃ ጓዝህን ጠቅልል፣ አሰላ እኔ ጋ ትኖራለህ አልኩት። አባቴ ሲቆጣ አይጮኽም፣ ይልቁንም ድምፁ ዝቅ ይላል። «እዚህ ነው የምኖረው። ስትወስጂኝ በሕይወት አትወስጂኝም» አለ።

ሁለት ሳምንት ተኳረፍን። ከዚያ እኔ አንድ ሐሳብ ይዤ መጣሁ፤ ያኔ ከሊቅ የመጣ ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

ሥራዬ አሰላ ውስጥ ማስተማር ነው። የማስተምረውን በአማርኛ ንገሪን ሲሉኝ እንተባተባለሁ። ማሽን ለርኒንግ ይባላል። ለአባቴ ያስረዳሁት እንዲህ ብዬ ነበር፤ ለማሽኑ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አድርግ» ብለን ሕግ አንጽፍለትም፣ ብዙ ምሳሌ እናሳየዋለን፣ የቀረውን ከምሳሌው ራሱ ይማራል። አባቴ ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ጥሩ ጥሩውን አሳዪው» አለኝ።

ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሆነን ሦስት ትንንሽ መሣሪያዎች ሠራን። አንዱ እንደ ሰዓት እጅ ላይ ይታሰራል። ሁለተኛው ቀበቶ ላይ ይሰካል። ሦስተኛው የቁልፍ ያህል ስለሆነ የቦቲ ጫማው ገበር ውስጥ ሰፋነው፤ አባቴ በጋ ከክረምት ከቦቲ ሌላ አያደርግም። ኔትወርኩ እዚያ አካባቢ ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚቀር ነገር ስለሆነ ሐሳቡን ሁሉ እዚያው አባቴ አካል ላይ እንዲያስቡ ነው ያደረግነው። ሦስቱም እንቅስቃሴውን እየለኩ በየራሳቸው ይገምታሉ፣ በአጭር ሬዲዮ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፣ ከዚያ እንደ ሽማግሌ ተስማምተው አንድ ቃል ይወስናሉ። «ይራመዳል»፣ «ተቀምጧል»፣ «ወድቋል»። በየሰዓቱ፣ አዲስ ነገር ሲኖር ደግሞ ወዲያው፣ ያቺ ቃል ብቻ በአጭር መልእክት ወደ ስልኬ ትመጣለች። የአባቴ ገበና ወደ ሌላ ወደማንም ሰው አይሄድም። በዚህ በጣም እኮራ ነበር።

ከአባቴ ጋር ተዋዋልን። ሦስቱንም ካደረገ እቤቱ ይቆያል። እኔም ስለ አሰላ ድጋሚ አላነሳም። ከወደቀና ከተጎዳ ግን ክርክር የለም፣ ይመጣል።

«ታይኛለሽ ማለት ነው?» አለኝ፣ የእጁን መሣሪያ ሳስርለት።

እዚህ ላይ ማስረዳት ነበረብኝ። አላይህም አባባ፣ የማየው አንድ ቃል ነው ማለት ነበረብኝ። ግን መሽቶብኝ ነበር፣ መኪናው ሊያመልጠኝ ነው፣ ደግሞ «አላይህም» ካልኩት አውልቆ እንደሚወረውረው አውቃለሁ። «አዎ አባባ፣ አይሃለሁ» አልኩት። ደስ አለው። ቀበቶውን አስተካክሎ ፎቶ ለመነሣት የተዘጋጀ ሰው መሰለ።

መሣሪያዎቹን ለማስተማር ምሳሌ ያስፈልግ ነበር። አባቴ ሲራመድ፣ ሲቀመጥ፣ እንጨት ሲፈልጥ፣ ላም ሲያልብ ቀዳን። መውደቅን ግን ሽማግሌ አይወድቅልህም። አምስት ተማሪዎች ይዤ ሄድኩና ጓሮው ውስጥ ገለባ አንጥፈን እነሱ እየተገፈታተሩ ወደቁ። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ይኼ መውደቅ አይደለም፣ ይኼ ሠርግ ነው። ሰው እንዲህ ጥርሱን እያሳየ ይወድቃል?» አላቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እውነቱን ግን ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም እንጂ። «መውደቅ» የሚለውን ቃል መሣሪያዎቹ የተማሩት በደረቅ ገለባ ላይ ከሚወድቁ የሃያ ዓመት ልጆች ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ችግር መጣ። አባቴ በጾም ወራት ከቤተ ክርስቲያን አይጠፋም፤ ቦቲውን ደግሞ ከቅጥሩ በር ላይ ነው የሚያወልቀው፣ እንደ ድሮ ሰው። ስግደት ሲጀምር ቀበቶው ላይ ያለው መሣሪያ ወደ መሬት ሲወርድ ያያል፣ የእጁም እንደዚያው፣ ቦቲው ደግሞ በር ላይ ዝም ብሏል። ስልኬ «ወድቋል» ይለኛል። ስቅለት ዕለት ይህ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ አልቆጠርኩም። ስልኬ አላርፍ ሲል በስተመጨረሻ ፈራሁና እማማ ጋ ደወልኩ። ምስኪን፣ በባዶ እግራቸው ሮጠው ሄደው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው የአባቴን ስም እየጠሩ ጮኹ። ምእመኑ ሁሉ ዞረ። አባቴ ከስግደቱ ተነሥቶ ወጣ።

ማታ ደወለልኝ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ስሚ። እግዜር ፊት ስሰግድ ወደቀ ብለሽ ሰው አሯሯጥሽብኝ። ነገ አወልቀዋለሁ።»

ሦስት ቀን ለመንኩት። እንደማስተካክለው ማልኩለት። እውነትም አስተካከልኩት፤ ሥራዬ ነው። ትንሣኤ ካለፈ በኋላም ጸሎቱን ስለማይተው፣ ቤተ ክርስቲያን በሄደ ቁጥር የተቀዳውን ሁሉ ሰብስቤ «ጸሎት» የሚል አዲስ ቃል ለመሣሪያዎቹ አስተማርኳቸው። ሕግ አልጻፍኩላቸውም። ምሳሌ ነው ያሳየኋቸው፤ እነሱ ደግሞ ከምሳሌው ቀላሉን መንገድ መረጡ። ባሳየኋቸው ምሳሌ ሁሉ ውስጥ ቦቲው ብቻውን የቆመው፣ ወገቡና እጁ ደግሞ ከሱ ርቀው የሚንቀሳቀሱት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነበር። ሌሊት ሲተኛማ ሦስቱንም ከነቦቲው አውልቆ ቻርጅ ላይ ያሳድራቸዋል። ስለዚህ ቦቲው ከወለቀ ጸሎት ነው፣ አለቀ። ሰውዬው ወደ መሬት ቢወርድም፣ እጁን ቢያነሣም፣ ጸሎት ነው።

በልጉ ቀርቶ ነበር። ምሳሌዎቼ ሁሉ የደረቅ ወራት ነበሩ። እኔ እዚያ ተወልጄ እዚያ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ክረምት ሲገባ የኛ አገር ጥቁር ጭቃ ቦቲ ነክሶ እንደሚያስቀር፣ ሰው ማሳ ውስጥ ሊገባ ሲል ጫማውን ዳር ላይ አቁሞ በባዶ እግሩ እንደሚገባ አውቃለሁ። በልጅነቴ ስንት ጫማ አስቀርቶብኛል። እናቴ «አውልቀሽ ግቢ አላልኩሽም?» እያለች ትቆጣኝ ነበር። ይህን ከሌላ አገር የመጣ መሐንዲስ ቢረሳው ይቅር ይባላል።

አዲሱ ትምህርት ግን ሠራ። እንዴት እንደሠራ! ቅዳሴ ላይ «ጸሎት ላይ ነው» ይለኛል፣ ሲመለስ «ይራመዳል» ይለኛል። ስልኬን ለባልደረቦቼ እያሳየሁ ደረቴን ነፋሁ። አንድ ቃል ላይ ተመሥርቼ የአባቴን ቀን ሙሉ በዓይነ ኅሊናዬ እስል ጀመር፤ አሁን ጋቢውን ለብሷል፣ አሁን መቋሚያውን ተደግፏል። ለመደወል የነበረኝ ፍላጎት ቀነሰ። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ሳልደውል እቆያለሁ። ደኅና መሆኑን አውቃለሁ፣ ለምን እደውላለሁ?

በዚህ መሐል እማማ አስቸገሩኝ፤ ያኔ የተጠቀምኩበት ቃል ይኸው ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አባትሽ ጠርቼው አልመለሰም፣ በሩም ዝግ ነው።» ሦስቱንም ጊዜ ስልኬ «ጸሎት ላይ ነው» ይል ነበር፣ ሦስቱንም ጊዜ እውነቱን ነበር። አንዱን የደወሉልኝ ፈተና ላይ ቆሜ ነው። ሰኔ ላይ አባቴን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ አጥሩ ጋ ሄጄ አነጋገርኳቸው። ስኳርና ሳሙና ይዤላቸው ነበር፤ ሰው ክፉ ነገር ሊናገር ሲል ባዶ እጁን አይሄድም።

«እማማ፣ ከእንግዲህ አይድከሙ» አልኳቸው። «እኔ ከአሰላ ሆኜ አየዋለሁ። አንድ ነገር ቢሆን ከእርስዎ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ።»

ስኳሩን ተቀበሉ። «ከአሰላ ሆነሽ?»

«አዎ።»

«አልሃምዱሊላህ። እናንተ የተማራችሁ ታውቃላችሁ» አሉኝ። «እኛ የምናውቀው መጣራት ነው።»

ቅር ማለታቸው ገብቶኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሰላምታውን አልተዉም፤ ግን መልስ ሲያጡ አጥሩን መዞር ተዉ። ይሉኝታ ያለባቸው ሰው ናቸው። በሰው ቤት ጉዳይ በቃዎት ከተባሉ ዳግመኛ አይገቡም።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ክረምት ለሚማሩ መምህራን ክፍል እያስተማርኩ ነበር። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ስለሚወርድ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የማወራው። ርዕሱ ይኸው ነበር፤ ብዙ መሣሪያዎች በአንድ ሰው ላይ ሆነው እንዴት ተስማምተው እንደሚወስኑ። ሰባት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። አነሣሁትና ለክፍሉ አሳየሁ።

«ይኸው፣ እናንተ እንዳትጠራጠሩኝ። አባቴ አሁን ከዚህ ስንትና ስንት ኪሎ ሜትር ርቆ ጸሎት ላይ ነው» አልኳቸው።

ክፍሉ ሳቀ። አንዷ መምህርት «ለኛም ፈተና ይጸልዩልን» አለች። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ያ ሳቅ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ «ጸሎት ላይ ነው» አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይም እንዲሁ። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም። ዐሥር ሰዓት ላይ ቃሉ ሲደገም ለአንድ አፍታ ቆም አልኩ። ቅዳሴው አልቆ መሆን አለበት። ግን ምክንያት መስጠት ለኔ ከባድ አይደለም፤ ጠበል ጠጥተው ሲያወሩ ይሆናል፣ ዝናብ ይዟቸው ይሆናል አልኩ። ከባልደረባዬ ጋር ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። መደወል እችል ነበር። ስልኩ እኮ እጄ ላይ ነበር።

ዐሥራ አንድ ሰዓት አልፎ እማማ ደወሉ። ሰላምታ አልነበረም። «ልጄ፣ አባትሽ ቦይ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት። ሰው ጠርቻለሁ፣ በቃሬዛ እያመጣነው ነው። አስፋልቱ ላይ ጠብቂን።»

መኪና ለምኜ ሄድኩና አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አገኘኋቸው። ስድስት ወንዶች ተሸክመውታል፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። አባቴ በእማማ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ፊቱ አመድ መስሏል። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር። ሲያየኝ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር «ውሃው ገብሱ ውስጥ ገባ?» የሚል ነው። አልገባም አልኩት። ስለ ውሃው ምንም አላውቅም ነበር።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። ዝናቡ ሲበረታ ቦዩ ተደፍኖ ውሃው ወደ ገብሱ መዞር ጀመረ። አባቴ ዶማውን ይዞ ሄደ፣ ቦቲውን ማሳው ዳር አወለቀ፣ ገባ፣ እግሩ ከዳው። ዳሌው ተሰበረ። ከሰባት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ እማማ ከብት ሲያስገቡ ጠርተውት መልስ አጥተው አጥሩን እስኪዞሩ ድረስ፣ ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ ሆኖ በዚያ ብርድ ተኝቷል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ደግሞ ተስማምተው በጸሎት ላይ ነው ብለው ፈረዱ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ከእማማ ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ቀሚሳቸው ገና አልደረቀም። መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ።

«ጫማውን አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ዙህር ሰግጄ ስወጣ። ማሳው ዳር ቆሟል፣ ዝናብ እየገባበት ነው። ጠራሁት፣ አልመለሰም። ዝናቡ ነው፣ አይሰማም አልኩ። ልሂድ ብዬ አጥሩ ጋ ደረስኩ…» የቀሚሳቸውን ጫፍ ጨመቁ። «አንቺ ታይዋለሽ ብዬ ተመለስኩ። ደግሞ ሄጄ ደኅና ሆኖ ባገኘው፣ ልጅቱ አትምጪ ብላኝ መጣሁ ብዬ አፈርኩ። ወላሂ አፍሬ ነው።»

ዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው። አባቴ ገና እንደወደቀ ማለት ነው። ከአጥሩ እስከ ቦዩ አንድ ሰው ሳይቸኩል ሄዶ ሳይደክመው ይደርሳል። እማማ ያን ርቀት በየቀኑ ሲመላለሱበት ኖረው በዚያች ቀን ያልሄዱት እኔ ስለከለከልኳቸው ነው። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። እጄን ያዙኝና «አላህ ያውቃል» አሉኝ። ይቅር ብያለሁ አላሉኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም።

ዶክተሩ ጥሩ ሰው ነበር፤ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ስብራቱ በዕድሜው ከባድ ነው፣ ብርዱ ደግሞ ሳንባውን ጎድቶታል። ቶሎ ቢደርስ ኖሮ የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው። የሳንባው ነገር በሦስት ሳምንት ተሻለው። መራመድ ግን ከእንግዲህ እንደማይችል ነገሩን።

መሣሪያዎቹን በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ለብዙ ቀን አልነካኋቸውም። ባልደረባዬ ወጣት ነው፣ ክፋት የለበትም፤ አንድ ቀን ቢሮዬ ገብቶ አባቴን ከጠየቀኝ በኋላ እያመነታ «የዚያን ቀን ቅጂ እኮ እስካሁን ያልነበረን ነገር ነው፣ እውነተኛ መውደቅ ነው» አለኝ። ከቢሮዬ አስወጣሁት። ሳስወጣው የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ግን እሱ ከሄደ በኋላ በሩን ቆልፌ የእጁን መሣሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁ። እኔ ከሱ አልሻልም።

እንቅስቃሴው ስክሪኑ ላይ እንደ ተራራ መስመር ሆኖ ይታያል። ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ሹል ነገር አለ፤ መውደቁ ነው። የተማሪዎቼን መውደቅ አይመስልም፤ አጭርና ደረቅ ነው። ከዚያ ቀበቶው ጸጥ ይላል። የእጁ መስመር ግን ጸጥ አላለም። በየጥቂት ደቂቃው እጁ ወደ ላይ ይነሣል፣ እላይ ይቆያል፣ ግራና ቀኝ ይላል፣ ይወርዳል። እንደገና ይነሣል። መጀመሪያ ሊነሣ እየሞከረ ነው ብዬ ነበር። ቀጥሎ እያማተበ ነው አልኩ፤ ከመሣሪያዎቹ ጋር መስማማቴ ነው። ግን ማማተብ እንዲህ አይደለም፣ የአባቴን ማማተብ በመስመሩ ለይቼ አውቀዋለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ እጁ በደንብ ይነሣ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝቅ አለ። ዐሥር ሰዓት ላይ ከመሬት ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል፣ ግን አላቋረጠም።

ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። ያን ቀን ተሽሎት ነበር፣ አጥሚት እያጠጣሁት ነው።

«አባባ፣ ቦዩ ውስጥ ሳለህ እጅህን ምን ታደርገው ነበር?»

በጥያቄዬ ተገረመ። «እያውለበለብኩልሽ ነዋ» አለኝ። «ታዪኝ የለ? አየችኝ አላየችኝ እያልኩ። ከዚያ ክፍል ገብታ ይሆናል አልኩ። ቆይቼ ደግሞ አነሣለሁ።»

ማንኪያውን አስቀመጥኩት። እንደማላየው፣ አይቼው እንደማላውቅ፣ የሚመጣልኝ አንድ ቃል ብቻ እንደነበር፣ ቃሉም ውሸት እንደነበር ሁሉንም ነገርኩት። እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር። ድምፁ ዝቅ እንዲል፣ ያንን የማውቀውን ቁጣ እንዲቆጣኝ። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ግድ የለም፣ ሥራ ላይ ነበርሽ» አለኝ። አጥሚቱን ጨርሶ ተኛ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሰው አልፎኝ ሲወጣና ሲወርድ ምንም አልመሰለኝም።

ቅጂውን በመጨረሻ ለመሣሪያዎቹ አስተማርኩት። ከአጠገቡ «ወድቋል» የሚለውን ቃል መጻፍ ነበረብኝ፤ አንዲት ቃል ለመጻፍ አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። አሁን ቦቲ የወለቀ ሰው ጭቃ ውስጥ ሲወድቅ ይለዩታል። ባልደረባዬ በሌሎች ሽማግሌዎች ላይ እየሞከረው ነው፣ ጥሩ ሥራ ነው፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅሁት፤ መሣሪያውን ለሚያደርግ ሰው ሁሉ ማንም እንደማያየው በግልጽ ንገሩት፣ ጎረቤቱንም እንዳታሰናብቱበት። ባልደረባዬ ይህን ወረቀቱ ላይ ጽፎታል፤ ሰው ያንብበው አያንብበው አላውቅም።

አባቴ አሁን አሰላ እኔ ጋ ነው። ውላችን እንደሚለው ሆነ። ከብቶቹን ሸጥን፣ ቤቱ ተቆልፏል፣ ቦዩን የእኩል ገበሬዎቹ ይቀዱታል፤ እንዴት እንደሚቀዱት አይጠይቅም። እማማ በበዓል በበዓሉ ወተት ይዘው ይመጣሉ፣ ሁለቱ በኦሮምኛ ብዙ ያወራሉ፣ እኔ ስገባ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። አልጋውን ሳሎን አድርጌለታለሁ። እኔም የሥራ ጠረጴዛዬን ከመኝታ ቤት አውጥቼ እዚያው ከአልጋው ፊት ለፊት አደረግሁት፣ ቀና ባልኩ ቁጥር እንዳየው። አስቤው ያደረግሁት ነገር ነው። ግን ኮምፒውተር ላይ ሳፈጥ ምን ያህል ጊዜ እንደምቆይ ራሴም አላውቀውም፤ አባቴ ደግሞ አይጠራኝም። አንድም ቀን ጠርቶኝ አያውቅም።

ትናንት የተማሪዎች ፈተና ሳርም ቆይቼ ቀና ስል ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

«ምን ፈለግህ አባባ?»

«ከጨረስሽ፣ ውሃ ብትሰጪኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የጠማህ?»

«አሁን ነው፣ አሁን ገና» አለኝ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር።